ፎቶው አልተበላሸም፣ ሄይክ ሆኖ ነው፦ የስልክ ፎቶን የትም ወደሚከፈት ፎርማት እንዴት እንቀይራለን

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ላሚኔሽን ማሽን፣ አንድ ዊንዶውስ 7 የጫነ ሽማግሌ ኮምፒውተርና የኔ ላፕቶፕ። በቀን ቢያንስ ሁለት ሶስት ሰው "ፎቶው አልከፍት አለ" ብሎ ይመጣል፣ አብዛኛው ደግሞ አይፎን የያዘ ነው። ባለፈው አንዲት እናት ልጃቸው ከቤይሩት የላከችላቸውን አይፎን 11 በመሀረብ ጠቅልለው መጡ፣ የልጅ ልጃቸውን ለትምህርት ቤት ምዝገባ ጉርድ ፎቶ ነጭ ግድግዳ አስደግፈው አንስተዋታል፣ እውነት ለመናገር እኔ ከማነሳው አሳምረው ነው ያነሱት። "ልጄ፣ እዛ ማዶ ያለው ቤት ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ መለሰኝ፣ ልጅቷ ደግሞ ሹሩባዋን ፈታችው" አሉኝ። "አልተበላሸም እማማ፣ አረፍ ይበሉ" አልኳቸው፣ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ።

ይሄን የምጽፈው ያንን የሁለት ደቂቃ ስራ እናንተም ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ እንድትሰሩት ነው። ደንበኛ ልታሳጣን ነው የሚሉኝ የሙያ ጓደኞች አይጠፉም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ስራዬ ማተም ነው እንጂ ከኋላ ሰልፍ ቆሞ እያየኝ የሰው ስልክ ሴቲንግ መጎርጎር አይደለም፣ ሰልችቶኛል። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል፦ ፎቶውን ከስልካችሁ ሳይወጣ ቀይሩት። ስልኩ ውስጥ እያለ እዳው ገብስ ነው፣ ከወጣ በኋላ ነው ጣጣው።

መጀመሪያ ሄይክ የሚባለው ምንድነው

እኛ የለመድነው ጄፔግ ነው፣ በፈረንጆች 1992 የወጣ ፎርማት፣ ሽማግሌ ነው ግን የማይከፍተው መሳሪያ የለም ማለት ይቻላል። ጄፒጂም በሉት ጄፔግ ያው አንድ ነው፣ አንዱ በሶስት ፊደል አንዱ በአራት ፊደል ስለተጻፈ የተለያየ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ አይደለም። ሄይክ ደግሞ ገና በቅርብ የመጣ ነው፣ ስታንዳርዱ 2015 ላይ አለቀ፣ አፕል 2017 ላይ የአይፎኑን ሲስተም አይኦኤስ 11ን ሲያወጣ ከአይፎን 7 ጀምሮ ያሉ ስልኮች ፎቶ በዚህ እንዲያስቀምጡ አደረገ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ። ለዛ ነው ብዙ ሰው ስልኩ ፎርማት መቀየሩን እንኳን የማያውቀው።

ለምን አደረገው ካላችሁ ቦታ ለመቆጠብ ነው። አንድ አይነት ፎቶ በሄይክ ሲቀመጥ የጄፔጉን ግማሽ ያህል ቦታ ነው የሚይዘው፣ ጥራቱ ሳይቀንስ። 64 ጊጋ ስልክ ይዞ በየሳምንቱ "ስቶሬጅ ሞላ" የሚባል ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ችግሩ ሄይክ ውስጥ ያለው መጭመቂያ የቪድዮ ቴክኖሎጂ ነው፣ ኤችኢቪሲ ይባላል፣ እሱን ለመጠቀም ደግሞ ለፓተንት ባለቤቶች ክፍያ አለው፣ ስለዚ ዊንዶውሱም ድረገጾቹም አንዱ ገባበት አንዱ ሸሸው፣ እኛ መሀል ላይ ቀረን። አንድሮይድ መክፈት የቻለው ከቨርዥን 9 ጀምሮ ነው፣ እሱም 2018 ላይ የወጣ ነው። ከዛ በታች የሆነ ስልክ ለያዘ ዘመዳችሁ ሄይክ ብትልኩለት ባዶ ነገር ነው የሚያየው።

ፋይላችሁ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያለውን እዩ፣ ኤች፣ ኢ፣ አይ፣ ሲ የሚሉ አራት ፊደላት ካሉ ሄይክ ነው። ኮምፒውተር ላይ ይሄ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ተደብቆ ነው የሚገኘው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ፎልደሩን ከፍታችሁ ላይ ቪው የሚለውን ተጭናችሁ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለው ላይ ራይት አድርጉ፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ቪው ውስጥ ሾው የሚል አለ እዛ ስር ታገኙታላችሁ።

እና በናታችሁ ስሙን ብቻ አትቀይሩ። ሄይክ የሚለውን አጥፍቶ ጄፒጂ ብሎ መጻፍ ፋይሉን ጄፔግ አያደርገውም፣ የጤፍ ከረጢት ላይ ስኳር ብሎ እንደ መጻፍ ነው፣ ውስጡ ያው ጤፍ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ እንደዛ ተደርጎ የመጣ ፋይል አይነቱ ስለሚደበቅ እኛንም ያደናግረናል፣ ጄፒጂ ተብሎ የማይከፈት ፋይል ሳይ አሁን አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው "ስሙን ነክተኸዋል?" ብዬ ነው።

አይፎን ላይ፣ ለወደፊቱ

ከዚህ በኋላ የምታነሱት ሁሉ ጄፔግ ሆኖ እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ ሴቲንግስ ግቡ፣ ወደ ታች ወርዳችሁ ካሜራ፣ ከዛ ፎርማትስ የሚለው፣ እዛ ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ፣ ሃይ ኤፊሸንሲ የሚለው ሄይክ ነው፣ ሞስት ኮምፓቲብል የሚለው ጄፔግ ነው። ሁለተኛውን ንኩ፣ አለቀ። ካሜራ የሚለውን ካጣችሁት ሴቲንግስ ውስጥ ያለው መፈለጊያ ላይ ጻፉት፣ ሜኑው ስልኩ አፕዴት በተደረገ ቁጥር ቦታውን ይቀያይራል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ ይሄ ያለፉትን ፎቶዎች አይነካም፣ ትላንት ያነሳችሁት ሄይክ ዛሬም ሄይክ ነው። ሁለተኛ ቪድዮውም አብሮ ወደ ድሮው ፎርማት ይመለሳል፣ 4ኬ በሰከንድ 60 ፍሬም የሚለውን አይነት ቪድዮ መቅረጽ የምትፈልጉ ከሆነ ሃይ ኤፊሸንሲ ካልሆነ አይሰራም።

እኔ ለሁሉም ሰው ቀይሩት አልልም። ሰርግና ልደት ለራሱ የሚያነሳ ሰው፣ ስልኩ ጠባብ የሆነ ሰው ሄይክ ላይ ይቆይ፣ ሲያስፈልገው ይቀይራል። በተቃራኒው ስልኩን ለስራ የሚጠቀም፣ እቃ አንስቶ የሚለጥፍ፣ ሳይት ላይ የግንባታ ፎቶ አንስቶ ለቢሮ የሚልክ፣ ዶክመንት በየቀኑ የሚያነሳ ሰው ዛሬውኑ ይቀይር።

አይፎን ላይ፣ ለተነሳው ፎቶ

እዚህ ጋ ብዙ መንገድ አለ፣ እኔ የምወደውን አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም ኢንተርኔትም አፕም አይፈልግም፣ መብራት ጠፍቶ ዋይፋይ በሌለበት ሰአት ሰርቼበታለሁ።

ፎቶስ ውስጥ ገብታችሁ የምትፈልጉትን ፎቶ ምረጡ፣ ብዙም መምረጥ ይቻላል። ታች በግራ ያለችውን ቀስት ያላትን የሼር ምልክት ንኩና ኮፒ ፎቶ የሚለውን ምረጡ። ከዛ ፋይልስ የሚባለውን ሰማያዊ ፎልደር ምስል ያለውን አፕ ክፈቱ፣ ኦን ማይ አይፎን ውስጥ ግቡ፣ ባዶ ቦታ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ ፔስት ይላል። በቃ፣ ፔስት የተደረገው ጄፔግ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ሼር ውስጥ ሴቭ ቱ ፋይልስ የሚል ሌላ ምርጫ ስላለ ብዙ ሰው እሱን ይነካል፣ እሱ ግን ሄይኩን እንዳለ ሊያስቀምጠው ስለሚችል ኮፒውን ተጠቀሙ።

ፋይሉ ቀድሞውኑ ፋይልስ ውስጥ ያለ ከሆነ ደግሞ፣ ማለትም ሰው በቴሌግራም ፋይል አድርጎ የላከላችሁና ሴቭ ያደረጋችሁት ከሆነ፣ ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ ፋይሉ ላይ ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ኩዊክ አክሽንስ ይላል፣ ከስሩ ኮንቨርት ኢሜጅ፣ ጄፔግ ወይ ፒኤንጂ ብላችሁ ትመርጣላችሁ፣ መጠኑንም ይጠይቃችኋል፣ ለህትመት ከሆነ ኦሪጅናል ሳይዝ በሉት።

ሼር ስታደርጉም እዛው ላይ መቀየር ይቻላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። የሼር መስኮቱ ሲከፈት ከላይ ከፎቶው አጠገብ ኦፕሽንስ የምትል ትንሽ ጽሁፍ አለች፣ እሷን ስትነኩ ፎርማት ላይ አውቶማቲክ፣ ከረንት፣ ሞስት ኮምፓቲብል የሚሉ ምርጫዎች ይመጣሉ፣ የመጨረሻውን። እዛው ሎኬሽን የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ እሱንም አጥፉት፣ ፎቶ ውስጥ ያነሳችሁበት ቦታ ተጽፎ እንደሚሄድ አታውቁ ይሆናል፣ ቤታችሁ በር ላይ ያነሳችሁትን የሶፋ ፎቶ ለማታውቁት ገዢ ስትልኩ የቤታችሁን አድራሻ አብራችሁ እየላካችሁ ነው ማለት ነው።

መቶ ሁለት መቶ ፎቶ ላለው ሰው ሾርትከትስ የሚባለው አፕ ይሻላል፣ ከስልኩ ጋር የሚመጣ ነው፣ አንዴ ሰርታችሁ ለዘላለም ትጠቀሙበታላችሁ፦

1. ሾርትከትስ ክፈቱ፣ ላይ ያለችውን የመደመር ምልክት ንኩ።
2. መፈለጊያው ላይ ሴሌክት ፎቶስ ብላችሁ ጨምሩት፣ ከጎኑ ያለችውን ቀስት ከፍታችሁ ሴሌክት መልቲፕል የሚለውን አብሩት፣ ካልሆነ አንድ በአንድ ነው የሚያስመርጣችሁ።
3. ኮንቨርት ኢሜጅ ጨምሩ፣ ጄፔግ መሆኑን እዩ፣ ፕሪዘርቭ ሜታዳታ የሚለውን የተነሳበት ቀን እንዳይጠፋ ክፍት አድርጉት።
4. ሴቭ ቱ ፎቶ አልበም ጨምሩ፣ ስም ስጡት። እኔ "ጄፔግ አርገው" ነው ያልኩት።

ሲያልቅ በአንድ ፎቶ ሁለት ኮፒ ነው የሚኖራችሁ፣ ሄይኩም ጄፔጉም። አዲሶቹ በደንብ መከፈታቸውን ሳታዩ አሮጌውን አታጥፉ፣ አንድ ልጅ አጥፍቶ ሪሰንትሊ ዲሊትድ ውስጥ ስንፈልግለት ውለናል፣ ደግነቱ እዛ 30 ቀን ይቆያል።

ቴሌግራም፣ የሁሉም ችግር መነሻ

ኮፒ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ በቴሌግራም ነው የሚልከው፣ ስለዚ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቴሌግራም ላይ ፎቶ በሁለት መንገድ ይላካል፣ እንደ ፎቶና እንደ ፋይል። እንደ ፎቶ ስትልኩት ቴሌግራም ራሱ ወደ ጄፔግ ይቀይረዋል፣ ግን ደግሞ ያሳንሰዋል፣ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል (ፎቶው የተሰራባቸው ትንንሽ ነጥቦች) ይወርዳል። እንደ ፋይል ስትልኩት ምንም አይነካውም፣ ሄይክ ከሆነ ሄይክ ሆኖ ነው የሚደርሰኝ። እና ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ ብልጥ የሆነው ደንበኛ "ጥራቱ እንዳይቀንስ ፋይል አድርገህ ላከው" የሚለውን ከሰው ሰምቷል፣ ፋይል አድርጎ ይልካል፣ የኛ ዊንዶውስ 7 አይከፍተውም፣ ምንም የማያውቀው ግን ዝም ብሎ ፎቶ አድርጎ ልኮ የሱ ወዲያው ይታተማል። አዋቂው ቆሞ ይቀራል።

የትኛው ይሻላል ለሚለው መልሱ በምታሳትሙት መጠን ነው። ጥሩ ህትመት በኢንች 300 ፒክስል ይፈልጋል፣ 3 በ4 ሴንቲሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በዚህ ሂሳብ 354 በ472 ፒክስል ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚ የቴሌግራሙ 1280 ተርፎ ይፈሳል፣ ፎቶ አድርጋችሁ ላኩ አትጨነቁ። 10 በ15 የሚባለው የአልበም ፎቶ 1181 በ1772 ነው የሚፈልገው፣ እዚህ ላይ የቴሌግራሙ ትንሽ ያንሳል፣ ከሩቅ ለሚያይ አይታወቅም ግን እኔ አውቀዋለሁ። ኤ4 ሙሉ ገጽ ላይ፣ ፍሬም ውስጥ ገብቶ ሳሎን የሚሰቀል ከሆነ ግን 2480 በ3508 ያስፈልጋል፣ የቴሌግራሙን እዛ ላይ መለጠጥ ፊትን ጭቃ ማድረግ ነው። የ12 ሜጋፒክስል አይፎን ፎቶ በኦሪጅናሉ 4032 በ3024 ስለሆነ ይበቃዋል፣ ስለዚ መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ ከላይ ባልኩት መንገድ ጄፔግ አድርጉት፣ ከዛ ጄፔጉን ከፋይልስ ውስጥ እንደ ፋይል ላኩት። ሁለቱንም አገኛችሁ፣ ጥራቱንም መከፈቱንም። ዋትስአፕም ተመሳሳይ ነው፣ ዶክመንት አድርጋችሁ ከላካችሁ እንዳለ ይሄዳል።

ስክሪንሾት የሚያደርጉትን ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። አልከፍት ሲል ፎቶውን ስክሪን ላይ ከፍቶ ስክሪንሾት አንስቶ መላክ፣ ይሰራል፣ አይካድም፣ ይከፈታል። ግን አይፎን 11 ስክሪኑ ስፋት 828 ፒክስል ነው፣ አግድም የተነሳ ፎቶ ስልኩን አቁማችሁ ስክሪንሾት ካደረጋችሁት ፎቶው 828 በ621 ሆኖ ነው የሚቀረው፣ 12 ሚሊየን የነበረው ፒክስል ግማሽ ሚሊየን ሆነ ማለት ነው። ለጉርድ ያልፋል። ለሟች ፎቶ ትልቅ ፍሬም ይዘውልኝ ሲመጡ ግን ልቤ ይሰበራል፣ ምክንያቱም ሰውየው የለም፣ ድጋሚ አይነሳ፣ ኦሪጅናሉ የት ነው ስላቸው ስልኩ ጠፍቷል።

ሳምሰንግና ሌላ አንድሮይድ

እዚህ ችግሩ ትንሽ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ቴክኖና ኢንፊኒክሶች እስካሁን ጄፔግ ይዘው ነው የመጡት። ሳምሰንግ ላይ ሃይ ኤፊሸንሲ ፒክቸርስ የሚል አለ፣ አንድ ሰው ቦታ ለመቆጠብ ብሎ አብርቶት ከሆነ ሄይክ ያወጣል፣ ካሜራውን ከፍታችሁ ባለ ጥርስ ማርሽ የምትመስለውን የሴቲንግ ምልክት ነክታችሁ አድቫንስድ ፒክቸር ኦፕሽንስ ውስጥ አጥፉት። የሳምሰንግ ጋለሪ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ሼር ሲደረግ ሄይፍን (ያው ሄይክን ማለቱ ነው) ቀይር የሚል አለ፣ እሱን ማብራት ይበቃል።

ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ ከገባ በኋላ

ዊንዶውስ 10ና 11 ላይ ከማይክሮሶፍት ስቶር ሄይፍ ኢሜጅ ኤክስቴንሽንስ የሚባለውን ጫኑ፣ ነጻ ነው። አንዳንዴ እሱ ብቻ አይበቃም፣ ኤችኢቪሲ ቪድዮ ኤክስቴንሽንስ የሚል ሌላ ይጠይቃል፣ እሱ ደግሞ 99 ሳንቲም የአሜሪካ ዶላር ነው። ይሄ ሲታይ ምንም አይደለም ግን እኛ አገር ያችን 99 ሳንቲም ለመክፈል ውጭ የሚሰራ ካርድ ያስፈልጋል፣ ስለዚ አንድ ዶላር ሳይሞላ ሺ ዶላር ሆነብን። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ከፋብሪካው ተጭኖ ይመጣል፣ እድላችሁን ሞክሩ። ሁለቱ ካሉ ሄይኩን በፔይንት ከፍታችሁ ፋይል፣ ሴቭ አዝ፣ ጄፔግ ፒክቸር ማለት ነው፣ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም።

ካልሆነ ኮፒትራንስ ሄይክ የሚባለው አለ፣ ለግል መጠቀሚያ ነጻ ነው፣ ከጫናችሁት በኋላ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ ስታደርጉ ወደ ጄፔግ ቀይር የሚል መስመር ይጨመራል። እኔ ብዙ ፋይል ሲመጣልኝ ላፕቶፔ ላይ ኤክስኤን ኮንቨርት ነው የምጠቀመው፣ ፎልደሩን ሙሉ ጎትቼ ማስገባት፣ አውትፑት ላይ ጄፔግ፣ ኳሊቲ 90፣ ኮንቨርት፣ ሻይ እስክጠጣ አልቆ ይጠብቀኛል። ኳሊቲ 100 አታድርጉ፣ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ አይናችሁ ልዩነቱን አያየውም። ከ80 በታች ደግሞ ጽሁፍ ያለበት ፎቶ ዙሪያው መቆሸሽ ይጀምራል። አንድን ጄፔግ ደጋግሞ ከፍቶ ሴቭ ማድረግም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይበላዋል፣ ስለዚ ኦሪጅናሉን ለብቻ አስቀምጡ።

ማክ ያላችሁ ደግሞ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ፣ ኩዊክ አክሽንስ፣ ኮንቨርት ኢሜጅ። ሌላ ወሬ የለውም።

በኬብል ለምታስተላልፉ አንድ የምታበሳጭ ነገር አለች። አይፎኑን ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩ ትረስት የሚለውን ካላችሁ በኋላ ፎቶው ሲገለበጥ መሀል ላይ ቆሞ "ከሲስተሙ ጋር የተያያዘው መሳሪያ አይሰራም" የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ያመጣል። ኬብል የቀየረ አለ፣ ፍላሽ የገዛ አለ፣ ስልኩን ጥገና ቤት የወሰደም አይቻለሁ። ስልኩ ሴቲንግስ ውስጥ ፎቶስ ግቡ፣ አዲሶቹ ላይ አፕስ የሚል ውስጥ ነው ያለው፣ እስከ ታች ውረዱ፣ ትራንስፈር ቱ ማክ ኦር ፒሲ የሚል ስር ሁለት ምርጫ አለ። አውቶማቲክ የሚለው ስልኩ እያስተላለፈ እግረ መንገዱን ወደ ጄፔግ ይቀይር ማለት ነው፣ ፎቶው ሲበዛ መቀየሩና መላኩ ስለማይጣጣሙለት ነው የሚቆመው። ኪፕ ኦሪጅናልስ አድርጉት፣ ሄይክ ሆኖ ይግባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ትቀይሩታላችሁ። ለአስር ሃያ ፎቶ ግን አውቶማቲኩ ግሩም ነው፣ አትንኩት።

ኦንላይን ኮንቨርተር

ጎግል ላይ ሄይክ ቱ ጄፒጂ ብላችሁ ስትጽፉ ስፍር ቁጥር የሌለው ድረገጽ ይመጣል፣ ጣል ታደርጉበታላችሁ ቀይሮ ይሰጣችኋል። ለአበባ ፎቶ፣ ለምግብ፣ ለሚሸጥ ወንበር ችግር የለውም። ግን የፋይዳ ካርድ፣ የፓስፖርት ገጽ፣ የባንክ ደብተር፣ የካርታ ኮፒ እዛ ላይ አትጫኑ፣ ማን እጅ እንደገባ አታውቁም፣ ደግሞ ከላይ እንዳያችሁት ስልካችሁ ያለ ኢንተርኔት የሚሰራውን ስራ ነው የሰው እጅ ላይ የምትጥሉት። ዳታውም አለ፣ ሰላሳ ፎቶ ወደ ላይ ጭኖ ሰላሳ መልሶ ማውረድ ፓኬጁን ሙልጭ ያደርገዋል።

ፎርም ላይ ፎቶ ስትጭኑ

አንድ ቦታ የምዝገባ ድረገጽ ላይ አንዲት ልጅ ዲግሪዋን ለመጫን ሙሉ ጠዋት ስትታገል ነበር፣ "የማይደገፍ ፋይል" ብቻ ነው የሚላት፣ ምክንያቱን አይነግራትም። በአይፎን ሳፋሪ ላይ ስትጭኑ ፎቶ ላይብረሪ ከሚለው ከመረጣችሁ ስልኩ ብዙ ጊዜ ራሱ ወደ ጄፔግ ቀይሮ ነው የሚያስገባው፣ ቹዝ ፋይል ከሚለው ከፋይልስ ውስጥ ከመረጣችሁ ግን ሄይኩን እንዳለ ነው የሚሰጠው። ልጅቷ ያደረገችው ሁለተኛውን ነበር። ዶክመንት ከሆነ ግን ፎቶ ከመላክ ፒዲኤፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ኖትስ አፕ ውስጥ ስካን ዶክመንትስ የሚል አለ፣ ጠርዙን ራሱ ቆርጦ ጥላውን አጥፍቶ ያወጣላችኋል።

ዲቪ ለሞሉ ሰዎች ፎቶ አስተካክዬ ስለማውቅ እሱንም ልጨምር፣ ምክንያቱም ፎርማት ብቻ ሳይሆን መጠንም የሚያስጥልበት ጥሩ ምሳሌ ነው። የዲቪው ፎርም የሚቀበለው ጄፔግ ብቻ ነው፣ አራት ማእዘኑ እኩል የሆነ፣ ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል፣ ፋይሉ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ። ከአይፎን በቀጥታ የወጣ ፎቶ ሁለት ሶስት ሜጋ ስለሆነ ጄፔግ ቢሆንም አይገባም። ፔይንት ላይ ክፈቱት፣ ሴሌክት ብላችሁ ፊቱን መሀል አድርጋችሁ እኩል ጎን ያለው ሳጥን ያዙና ክሮፕ፣ ከዛ ሪሳይዝ ውስጥ ፐርሰንት ሳይሆን ፒክስልስ የሚለውን መርጣችሁ 600 ጻፉ፣ ሴቭ አዝ ጄፔግ። በዚህ መጠን አብዛኛው ፎቶ ከ240 በታች ነው የሚመጣው። ከአገጭ እስከ አናት ያለው የፎቶውን ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መያዝ አለበት፣ መነጽር አይፈቀድም፣ ፊት ማስዋቢያ አፕ አይፈቀድም፣ ፎቶውም ከስድስት ወር ያልበለጠ መሆን አለበት። ያለፈውን አመት ፎቶ ድጋሚ የምታስገቡ ሰዎች አላችሁ፣ ያስጥላችኋል።

ዌብፒስ

ከክሮም ላይ ፎቶ ሴቭ ስታደርጉ ዌብፒ የሚባል የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ ጎግል 2010 ላይ ያወጣው ነው። መፍትሄው ያው ነው፣ አዲስ ዊንዶውስ ላይ በፔይንት ከፍቶ ሴቭ አዝ ጄፔግ። ፒኤንጂ ደግሞ የትም ይከፈታል፣ ለሎጎና ለስክሪንሾት ጥሩ ነው፣ የሰው ፎቶ ግን በፒኤንጂ አታስቀምጡ፣ የጄፔጉን ብዙ እጥፍ ሆኖ ቦታ ይበላችኋል።

የዛች የመሀረቧ አይፎን ባለቤት እናት ባለፈው ቅዳሜ ተመልሰው መጡ፣ የጎረቤታቸውን ስልክ ይዘው። "ፎርማቱን እኔ ቀየርኩላት፣ አንተ አትም ብቻ" አሉኝ፣ ስምንት ጉርድ አትሜ ሰጠኋቸው።